ለ30 ሰው 120 ደቂቃ

አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ በነርስነት ሥራ የጀመረች ጓደኛችሁ «30 ሰው ይዤ ነው የምውለው» ብትላችሁ ያጋነነች እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ባሉበት መደበኛ ክፍል ሕጉ ለአንዲት ነርስ ከ5 ታካሚ በላይ እንዳይሰጣት ይከለክላል። ነርሲንግ ሆም ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የጠዋቱን 3 ሰዓት መድኃኒት እንውሰድ። በብዙ ነርሲንግ ሆሞች ደንቡ ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ መስጠትን ይፈቅዳል። ስለዚህ ነርሷ ያላት 120 ደቂቃ ነው፤ ለ30 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። በነዚህ 4 ደቂቃዎች ጋሪዋን በር ላይ ታቆማለች፣ የሰውየውን ማንነት ከመዝገቡ ታመሳክራለች፣ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ከማሸጊያቸው ታወጣለች። የግፊት መድኃኒት ካለ አስቀድማ ግፊቱን ትለካለች። መዋጥ ለሚቸግረው ትፈጭና በተፈጨ ፖም ለውሳ በማንኪያ ትሰጣለች፣ መዋጡን ቆማ ታያለች፣ ከዚያ ትመዘግባለች። አንዲት እናት «ይሄ ቢጫው ምንድን ነው? ትናንት አልነበረም» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልስም ይገባቸዋል፤ የሚቀጥለው ሰው ደቂቃ ግን እዚያው ላይ ያልቃል። በመሃል ሰው ከወደቀማ ምርመራ አለ፣ ለሐኪሙ መደወል አለ፣ ለቤተሰብ መደወል አለ፣ ሪፖርት መጻፍ አለ። ጋሪው ቆሞ ይጠብቃል።

የቆየችው ነርስ ማን ክኒኑን በምን እንደሚወስድ፣ ማን ጉንጩ ውስጥ እንደሚደብቅ በቃሏ ታውቃለች። አዲሷ ሁሉንም ከመዝገብ እያነበበች ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም 30 ሰው ይዘዋል፤ ጫናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በዚያ ላይ አዲሷ የፈረቃው ኃላፊ ልትሆን፣ ሲኤንኤዎቹንም (ረዳት ተንከባካቢዎቹንም) የምታሰማራው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል የነርሲንግ ሆም ሕግ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት አርኤን (የተመዘገበ ነርስ)፣ 24 ሰዓት ደግሞ ፈቃድ ያለው ነርስ ይኑር ይልና የቀረውን «በቂ ሠራተኛ» ብሎ ያልፈዋል። በ2001 ለመንግሥት የተሠራ ጥናት ለአንድ ነዋሪ በቀን 4.1 የእንክብካቤ ሰዓት እንደሚያስፈልግ አሳይቶ ነበር። መንግሥት ቁጥር ያወጣው ግን በ2024 ነው፤ እሱም 3.48 ሰዓት፣ ከዚህ ውስጥ 0.55 የአርኤን። መቶ ነዋሪ ላለው ቤት ይህ በየ8 ሰዓቱ ፈረቃ 2 አርኤን ከትንሽ ትርፍ ጋር ማለት ነው። ያም አልጸናም። በኤፕሪል 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ሻረው፤ በጁላይ ደግሞ ኮንግረስ ማስፈጸሙን እስከ 2034 አገደው። የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች «ሠራተኛ ከየት እናምጣ?» ይላሉ። እጥረቱ እውነት ነው፤ ግን ሰው ሥራውን ጥሎ ከሚሄድበት ምክንያት አንዱ ይኸው ጫና ነው። እኔ የቁጥሩ መሻር በጣም ያሳዝነኛል፤ ቢጸና ኖሮ አዲሷ ነርስ «ሕጉ ይህን ይላል» ብላ የምትጠቁመው ነገር ታገኝ ነበር።

ሥራ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ መሣሪያ አለ። የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) «ኬር ኮምፔር» ድረ ገጽ የየቤቱን የሠራተኛ ሰዓት ከደመወዝ መዝገብ እየወሰደ ያወጣል፤ የቅዳሜና እሁዱንና ስንት ሠራተኛ እንደሚለቅም ጭምር። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «ስንት ሰው ይሰጠኛል?» ብላችሁ አታቁሙ። ብቻዬን ጋሪ ከመያዜ በፊት ከሌላ ነርስ ጋር ስንት ፈረቃ እሠራለሁ? ማታ ሕንፃው ውስጥ ሌላ ነርስ አለ? ገና በልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ ሰው ቢቀር፣ በእሱ ቦታ ትቆጥሩኛላችሁ?