ከጥገና በኋላ ተመልሶ የሚሞቅ ሞተር፦ አየር፣ ግፊትና የአዲስ አበባ ከፍታ

ሞተሩ ስለሞቀ ጋራዥ የገባ መኪና ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ ተቀይረውለት ከወጣ በኋላ፣ በማግስቱ ዳገት ላይ ዳግመኛ ሲፈላ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ የተገዛው ዕቃ አይረባም ይባላል፣ ወይ ቴስታታው ተበላሽቷል ተብሎ ሞተሩ ይከፈታል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጥገናው ራሱ ሁለት ነገሮችን ያስከትላል፤ ውሃው ሲቀዳ በምትኩ አየር ይገባል፤ ግፊት ይዞ የነበረው ሥርዓትም ተከፍቶ እንደገና ይዘጋል። ምርመራው ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች ቢጀምር ብዙ አላስፈላጊ ወጪ ይቀራል።

ግፊትና ከፍታ

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የከባቢ አየር ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ዝቅ ስለሚል፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገጠም ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ግፊት መያዝ ባቃተው ሥርዓት ውስጥ ተራ ውሃ ከተሞላ፣ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ውሃው መፍላት ሊጀምር ይችላል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 90 ኪሎፓስካል የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የሥርዓቱን ፍጹም ግፊት ወደ 166 ኪሎፓስካል ያደርሰዋል፤ የውሃው የመፍያ ነጥብም ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል። ራዲያተሩ ሲቀየር አሮጌው ክዳን ተመልሶ ከተገጠመ፣ በዋጋ ትንሹ ዕቃ የጥገናውን ውጤት ከንቱ ያደርገዋል ማለት ነው።

የታመቀ አየር

አየር ከውሃ ይልቅ ሙቀትን በእጅጉ በዝግታ ያስተላልፋል። በቴስታታው ውስጥ የቀረ አየር ብረቱን በአንድ ቦታ ከመጠን በላይ ያሞቃል፤ ፓምፑ ውስጥ ከገባ የውሃውን ዝውውር ያቋርጣል፤ ቴርሞስታቱ ዙሪያ ከተጠራቀመ ደግሞ በውስጡ ያለው ሰም የውሃውን ሙቀት በወቅቱ ስለማያገኝ መከፈቱ ይዘገያል። ዋነኛ ምልክቱ የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ብሎ ሳለ የመኪናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር መንፋቱ ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ፣ ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ የውሃው መጠን ይታያል። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት አደገኛ ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ስለሚፈነዳ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ብሎ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ተደርጎ ውሃው በዝግታ ይሞላል፤ ማስተንፈሻ ብሎን ካለም አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይከፈታል። ሦስተኛ፣ ክዳኑና መላው ሥርዓት በግፊት መለኪያ ይፈተሻሉ። አራተኛ፣ የቬንቲላተሩ አዟዟርና የቴርሞስታቱ አቀማመጥ ይታያል፤ ሰም ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ መዞር አለበት።

አየሩ ከወጣ በኋላም አረፋው ካልተቋረጠ፣ ወይም ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሣ ማኒኮቶው ወዲያው ከጠጠረ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው ያን ጊዜ ነው። የተቃጠለ ጋዝ መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ፈሳሽ ሞተሩ ሳይከፈት ጥርጣሬውን ሊያረጋግጥ ይችላል።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መንዳት በሰፊው የሚታይ መፍትሔ ቢሆንም፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አጭር መተላለፊያም አብሮ ይዘጋል። ሲወጣ መተላለፊያው ክፍት ስለሚቀር፣ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ችግሩን ያቃልላል የተባለው እርምጃ በዳገትና በከባድ ጭነት ጊዜ ያባብሰዋል።

ማጠቃለያ

ከጥገና በኋላ የሚመለስ ሙቀት መነሻው ከተቀየረው ዕቃ ይልቅ በአሞላሉና በአዘጋጉ ላይ ሊሆን ይችላል። በደጋ ከተሞች ከፍታው የመፍያ ነጥቡን ስለሚያወርደው ለስሕተት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ቴስታታ ከመፍታት በፊት ክዳንን መፈተሽና አየርን ማስወጣት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።