እርሳስ የሚቀልጥበት ድስትና የቤተሰብ ጤና

የዓሣ መረብና መንጠቆ ወደ ውኃ ውስጥ እንዲሰምጥ ክብደት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀመው ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ አቅልጦ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ወርዶ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ድስት፣ ከሰልና ጭልፋ ካለው ሥራውን በግቢው ሊሠራው ይችላል። ችግሩም ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። የእርሳስ ብናኝ በልብስ፣ በጫማና በእጅ ወደ ቤት ይገባል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳውም መሬት ላይ የሚድኸውን ሕፃን ነው።

እዚህ ላይ እርሳስ የምንለው ከባዱን ለስላሳ ብረት (ሊድን) ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ ሊድ የለበትም።

እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባው እንዴት ነው?

በመተንፈስና በአፍ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ሙቀቱ ከዚያ በጣም ሲያልፍ በዓይን የማይታይ ጭስ ይበዛል። የከሰል እሳት ደግሞ ሙቀቱን ለመቆጣጠር አይመችም። በቀለጠው ላይ የሚንሳፈፈው አመድ መሰል ቆሻሻ ሲደርቅ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ስለዚህ ድስቱን ማጽዳትና መፋቅ ከማቅለጡ ባልተናነሰ አደገኛ ነው።

ልጆች ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ሰውነታቸው የሚወስደው መጠን ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ የበለጠ ይወስዳል። በነፍሰ ጡር ሴት አጥንት የተከማቸ እርሳስ ወደ ደም ተመልሶ ለጽንሱ ይተርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠን እንደሌለ ይገልጻል።

አደጋው የሩቅ አይደለም። በሴኔጋል ዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮይ ሱር ሜር በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. መካከል በጥቂት ወራት 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል። ምክንያቱ በመንደሩ አሮጌ ባትሪ እየተፈታ እርሳሱ መለቀሙ ነበር።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በአዋቂ፦ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የእጅ መዛል፣ ውርጃ።

በልጅ፦ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ደም ማነስ፣ ነጭናጫነት፣ የትምህርትና የንግግር መዘግየት። ብዙ ልጆች ግን ምንም ምልክት አያሳዩም።

እነዚህ ምልክቶች ጨጓራ ወይም የሆድ ትላትል ተብለው ሊታለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪም ባይጠይቅዎትም «እቤታችን እርሳስ ይቀልጣል» ብለው ይንገሩ። ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን ትለውጣለች።

ድስቱን እንዴት ልያዝ?

ከሁሉ የሚሻለው እርሳስን መተው ነው። ድንጋይ፣ አሮጌ ብሎን ወይም የተተኮሰ ሸክላ መረብን ያሰምጣል። ሥራውን ለጊዜው መተው ካልቻሉ፦

• የባትሪ ሳህን አይፍቱ፣ አያቅልጡ። አሲዱ ያቃጥላል፣ በውስጡ ያለው ዱቄትም እርሳስ ነው።
• ከቤት፣ ከውኃ ጉድጓድና ከከብት በረት ርቀው ሜዳ ላይ ይሥሩ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች አይጠጉ።
• ወፍራም የብረት ድስት ይጠቀሙ። የአሉሚኒየም ወይም የተሰነጠቀ ድስት አይሁን።
• ድስቱም ጭልፋውም ለሌላ ነገር አይዋል። ታጥቦ እንኳ ወጥ አይሠራበትም። ሲያረጅ ማንም እንዳያበስልበት ቀድተው ያስወግዱት።
• እርጥብ ነገር ወደ ቀለጠው አያስገቡ። ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ እርሳሱን ወደ ፊት ይረጫል። ድስቱን ከዝናብ ይጠብቁ፤ ከመሥራትዎ በፊት ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ።
• የተንሳፈፈውን ቆሻሻ በቀስታ ቀድተው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡ። ግቢ ውስጥ ወይም ወንዝ ላይ አይድፉት።
• ድስቱን በደረቁ አይፈቅፍቁ፣ በአፍዎም እፍ አይበሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁንም ከቆሻሻው ጋር ያኑሩ።
• አፍና አፍንጫን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ጭሱን አያግድም።
• ቤት ከመግባትዎ በፊት ልብስና ጫማ ይቀይሩ፣ እጅና ፊትዎን በሳሙና ይታጠቡ። የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ።
• የአፈር ወለል ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይርጩበት።

ወተት እርሳስን ያጥባል?

አያጥብም። ወተት፣ ጎመን፣ ምስርና ሽሮ ለልጁ ካልሲየምና ብረት ስለሚሰጡ ጠቃሚ ናቸው። የገባውን እርሳስ ግን አያስወጡም። «ወተት ጠጥቻለሁ» ብሎ መሥራት ራስን ማታለል ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

እርሳስ መኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ዋናው ሕክምናም ይኸው ነው። መጠኑ ከፍ ሲል፣ በተለይ ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች 45 ሲደርስ፣ እርሳሱን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዛል። ምርመራው በሁሉም ሆስፒታል አይሠራም። ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ካልተገኘ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ።

በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው መቼ ነው?

• ልጅ ካንቀጠቀጠው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ።
• ልጅ የእርሳስ ቁራጭ ከዋጠ። እንዲያስመልስ አያስገድዱት።
• የቀለጠ እርሳስ ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ላይ ከተረጨ። ቦታውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። የተጣበቀውን አይላጡ፤ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ።

እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በሕፃን አእምሮ ላይ ያደረሰው ጉዳትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ድስቱን ዛሬውኑ ከግቢ ያውጡ።