የአባባን የምርጫ ካርድ ማን ደበቀው?

ዛሬ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር አናወራም። የምናወራው ስለ ሽማግሌና ስለ ምርጫ ነው። ምርጫ ሲባል ግን «ፖለቲካ መጣብን!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው፤ አባትና ልጅ የተኳረፉበት ጉዳይ።

ደብዳቤው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ሰፈር ነው። ጸሐፊው የ31 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙን እንደ ልማዳችን አንገልጽም። አባቱ 76 ዓመታቸው ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ፣ ሦስት ልጆች ተማክረው የአባታቸውን የመራጭነት ካርድ ቁም ሣጥን ውስጥ አንሶላ ሥር ቀበሩት። ለአባትየው «ጠፋ» አሏቸው። ለምን? «ክረምት ነበር፣ ሰልፉም ረዥም ነበር፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው» ይላል ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ። ዝቅ ብሎ ግን እውነቱ ብቅ ይላል፤ «ደግሞም ማንን እንደሚመርጡ እናውቅ ነበር።»

አባትየው ካርዱን ያገኙት በዓመቱ፣ ጋቢያቸውን ሲፈልጉ ነው። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ካርዱን አውጥተው ግድግዳው ላይ ከሥላሴ ሥዕል አጠገብ ሰኩት። እስካሁን እዚያው ነው አለ ልጁ። ሰላምታ አላቋረጡም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱን ነገር አያማክሯቸውም። «የቤቱ ካርታ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም» ይላል። አያችሁ አይደል! ካርድ ለደበቀ ካርታ ተደበቀበት።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ግን እስቲ በእውነት ንገሪኝ፣ ሽማግሌ ለምን ይመርጣል? መንግሥት ራሱ 60 ዓመት ሲሞላ በቃህ ብሎ ጡረታ ያወጣል። ከሥራ ጡረታ ካለ ከምርጫስ ለምን አይኖርም? የሚመርጡት መንግሥት የሚገዛው እኛን ነው፣ እሳቸውማ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልጨርሰውም።

ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚዞረው እሱ ብቻ አይደለም። ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ለእኩዮቼ ባነሳው፣ አንዱ «ከ70 በላይ ለሆነ ሰው ግማሽ ድምፅ ይበቃዋል» አለኝ። ሌላው «አባትህ ይስሙህና ይርገሙህ!» ብሎ ሳቀበት። እኔ ደግሞ እርግማኑን ትቼ በምክንያት ልሞክረው።

መጀመሪያ ስለ ጡረታው። ጡረታ የሚያወጣህ ቀጣሪህ ነው። አባትህ በ60 ዓመታቸው ከመሥሪያ ቤት ወጡ እንጂ ከዜግነት አልወጡም። በዚያ ላይ የጃናሞራና የበየዳ ገበሬ በስንት ዓመቱ ነው ጡረታ የሚወጣው? ሞፈሩን ለልጁ ቢያስረክብም ከብት ይጠብቃል፣ ዘር ይመርጣል፣ የድንበር ጠብ ሲነሣ ይመሰክራል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ለመራጭ የተቀመጠው መነሻ ዕድሜ ብቻ ነው፤ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል። መድረሻ የሚባል ዕድሜ የለም። በንጉሡ ዘመን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መነሻው 21 ነበር። ማለትም ዕድሜ ሲያጣላን የኖረው ከታች በኩል ነው፤ ከላይ በኩል ማጣላት የጀመረው ቅርብ ነው። እሱም ከውጭ የመጣ ወሬ ሳይሆን አይቀርም።

ወሬው እንዴት መጣ? እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ብለው ድምፅ ሲሰጡ፣ ወጣቱ በብዛት «እንቆይ»፣ አዛውንቱ በብዛት «እንውጣ» አለ። የወጣው አሸነፈ። «ሽማግሌዎቹ በእኛ ዕድሜ ፈረዱብን» ተባለ። ጃፓን ደግሞ ከ100 ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት ያለፈው ነው፤ እዚያ ወጣቱ ድምፃችን ተዋጠ ቢል አልፈርድበትም። እኛ አገር ግን 65 ዓመት ያለፈው ከ100 ሰው 4 አይሞላም! የኢትዮጵያ ሽማግሌ ሁሉ አድሞ በአንድ ምልክት ላይ ቢጫን እንኳ የወጣቱን ድምፅ አይውጠውም። ስለዚህ ይቺን የጃፓን ራስ ምታት ለጃፓን እንተውላት።

በዕድሜ የሚከለክል አንድ ምርጫ አውቃለሁ። የካቶሊክ ካርዲናሎች 80 ዓመት ከሞላቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ለመምረጥ አይገቡም፤ ደንቡን በፈረንጆቹ 1970 ያወጡት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው። የሚገርመው ግን ተመራጩ እስኪሞት መምራት ይችላል፤ በ2025 ያረፉት ፍራንሲስ እስከ 88 ዓመታቸው በመንበሩ ነበሩ። መምራት ተችሎ መምረጥ አይቻልም ማለት ነው። ብራዚሎች የተሻለ ብልሃት አላቸው። እዚያ መምረጥ ግዴታ ነው፤ 70 ዓመት ላለፈው ግን ግዴታው ይነሣለታል። መብቱ አይነሣበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ «የሚገዛው እኛን ነው» ወዳልከው። ያ ምርጫ በተደረገ በሁለት ወር ከምናምን፣ በነሐሴ 2013 መጨረሻ፣ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጣ። ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ጦር ሲመጣ ጉልበት ያለው ልጁን አዝሎ ይሸሻል። ከቤት የሚቀረው ማን ነው? ጉልበቱ የማይታዘዘው፣ «እኔ ደጄን ትቼ የት እሄዳለሁ» የሚለው ነው። መንግሥት ሰላም ሲያወርድም ሆነ ሲያጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ከቤት መውጣት የማይችለው ሰው ላይ ነው። የጡረታው ብር በኑሮ ውድነቱ ሲቀልጥ፣ የስኳር መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ የሚያገኘው አባትህን ነው። አንተ ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ፣ ሌላ ከተማ ትሄዳለህ። እሳቸው የት ይሄዳሉ?

ደግሞ አባትህ 76 ከሆኑ ስንት ሰልፍ እንዳዩ አስበው። በ1979 የደርግ ሸንጎ ሲመረጥ ነበሩ። በ1987 ነበሩ፣ በ1992 ነበሩ። ግንቦት 7 ቀን 1997 አገር ሙሉ በሌሊት ሲሰለፍ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውንም ለቅሶ አይተዋል። በ2007 አንድ ወንበር እንኳ ለተቃዋሚ ሳይተርፍ ሲቀር አይተዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን በ2013ም ካርድ አወጡ። እናንተ ደበቃችሁት።

እስካሁን ወጣቱን ብቻ የወቀስኩ መሰለኝ። የወጣቱም ብሶት እኮ ባዶ አይደለም። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ወገራ ሂዱና የ25 ዓመት ጎረምሳ ጠይቁ። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የይዞታ ደብተሩ ያለው በአባት እጅ ነው። ጎጆ መውጫ ብሎ ቁራሽ ካልሰጠው ወጣቱ እስከ ጎልማሳነቱ በአባቱ ማሳ ላይ አራሽ ነው። ሚስት ሲያገባ ሽማግሌ ይላካል፣ ሲጣላ ሽማግሌ ይፈርዳል፣ እድሩን ሽማግሌ ይመራል፣ በስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ሽማግሌ ነው። ታዲያ ይሄ ልጅ «በቤትም እሳቸው፣ በደጅም እሳቸው፣ በምርጫም እሳቸው?» ቢል ይገባኛል። በጣም ይገባኛል። እኔም 12ኛ ክፍል ጨርሼ ስንት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «አንቺ ቆይ፣ ትልልቆቹ ይናገሩ» ተብያለሁ።

ግን እስቲ ልብ በሉ። የድምፅ መስጫዋ ሣጥን ፊት አባትህ ያላቸው አንድ ወረቀት ነው፤ የአንተም ያው አንድ ነው። ደብተሩ፣ ሽበቱ፣ ምርቃቱ፣ እርግማኑ እዚያ አይቆጠርም። በአገራችን ሽማግሌ ከልጁ ጋር እኩል የሚሆንበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም። አንተ ልትነጥቃቸው የሞከርከው አንድ ራስህ የተስተካከልክበትን ቦታ ነው። መሬቱ ላይ፣ እድሩ ላይ ሙግት ግጠም፤ እዚያ ከጎንህ ነኝ።

ስለ መናገር ተራ ካነሣን አይቀር፣ በጎንደር ነገሥታት ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት የሚጀምረው ከታች ነበር። ዝቅ ያለው ሹም መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ ከፍ ያለው እያለ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረማ ትንሹ አፉን ይዘጋል! መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ማዕረግ ነበር፤ ቢሆንም ብልሃቱ ለቡናችን ሰዓት ይሆናል። ልጅ ይጀምር፣ አባት ይጨርስ።

አሁን ደግሞ ለሕክምና ከዳባት ገጠር ወደ ጎንደር የመጡ አንዲት እናት ያጫወቱኝን ስሙ። ዕድሜያቸውን አያውቁትም፤ ከ70 በላይ ይመስሉኛል። ፊደል አልቆጠሩም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። በ2013 ልጃቸው በበቅሎ አድርጎ ወሰዳቸው። ደግ ልጅ ነው። መንገድ ላይ ግን «እናቴ፣ ከላይ ሁለተኛው ላይ ተጫኚበት፤ ሌላውን እንዳትነኪ» እያለ አስጠናቸው። ምርጫ ጣቢያው ሲደርሱ አስፈጻሚዋ «እማማ፣ ማን ይርዳዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ልጅየው እጃቸውን ይዞ ሊገባ ሲል እሳቸው ዞር ብለው «ያቺ የጎረቤቴ ልጅ ትግባልኝ» አሉ። ተማሪ ናት ልጅቱ። ልጅየው ውጭ ቀረ።

«ታዲያ እማማ፣ ከላይ ሁለተኛው ላይ ተጫኑ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ልጄ፣ እኔና ያቺ ልጅ ነን የምናውቀው፤ ደግሞ አቡነ አረጋዊ።»

ለካ ቀኑ 14 ነበር! ወር በገባ በ14 አቡነ አረጋዊ ናቸው። ስማቸውም «ሽማግሌ» ማለት ነው፤ ገና በወጣትነታቸው በአስተዋይነታቸው ነው «አረጋዊ» የተባሉት ይባላል። ምርጫ ቦርድ አስቦበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደስ አይልም?

የእኒህ እናት ነገር ቀልድ ቢመስልም ፍሬው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የሽማግሌን ድምፅ ሕግ አልነጠቀም። የሚነጥቀው የራሱ ሥጋ ነው፤ አንዱ በአንሶላ ሥር፣ ሌላው በበቅሎ ላይ። የደበቀውም ያስጠናውም «ለጤናቸው ብዬ ነው፣ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው» ይላል። በሕጉ መሠረት ግን ማየት ወይም መጻፍ ያቃተው መራጭ የሚረዳውን ሰው የሚመርጠው ራሱ ነው። ረዳቱም የታዘዘውን ያደርጋል፣ ያየውን አይናገርም። ልጅ ስለሆነ ብቻ ማንም የእናቱን ጣት ይዞ የመጫን መብት የለውም።

«አእምሯቸው የሄደባቸውስ?» የምትሉ አላችሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉም በአእምሮ ሕመም መወሰን ያልቻለን ሰው ለይቶ ያያል። ያ ግን የሕመም ጉዳይ ነው፤ የ30 ዓመት ሰውም ያገኘዋል። መነጽር የረሳ፣ የልጁን ስም አቀያይሮ የጠራ አባት ሁሉ አእምሮው ሄደ አይባልም። እንደዚያ ከሆነማ እናቴ ስድስታችንንም ሳትጠራ የእኔ ስም አይመጣላትም።

እንግዲህ የአዘዞው ወንድሜ፣ ምክሬ አጭር ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ካርድ ለ2013 ብቻ የምታገለግል ነበረች፤ አሁን አውርደህ ብትሰጣቸው ትርጉም የለውም። ሦስታችሁም አብራችሁ ግቡ፣ ቡና አስፈሉ፣ ያደረጋችሁትን በአፋችሁ ንገሯቸው። «ለጤናዎ ብለን ነው» የምትለዋን ግን ተዉአት፤ እሳቸው እንደሆነ አያምኗችሁም። የቤቱን ካርታ በዚያ ቀን እንዳታነሡባት! ከዚያ ለሚቀጥለው ምርጫ መራጭ ሲመዘገብ አብረሃቸው ሂድ። ማንን እንደሚመርጡ ካልጣመህ ከምዝገባው በፊት ባለው ጊዜ ሁሉ ተከራከራቸው። መከራከርም ማክበር ነው፤ ምናልባት አንተን ያሸንፉህ ይሆናል። ሣጥኑ ጋ ስትደርሱ ግን አንተ ውጭ ቁም። ለአዛውንት በሰልፍ ቅድሚያ ስለሚሰጥ ረዥሙ ሰልፍ ምክንያት አይሆንህም። የ2013ቱ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ድረስ ተራዝሞ ነበርና «ጊዜ አልበቃንም»ም አያዋጣህም። ባጃጁን አንተ ክፈል።

ገጠር ወላጅ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በወኪል መምረጥ የለም፤ ድምፅ ለመስጠት ሰውየው በአካሉ መቅረብ አለበት። ምዝገባውም በአካል ከሆነ ሁለት ጊዜ ቁልቁለትና ዳገት ማለት ነው። ባጃጅ የማይደርስበት ቀበሌ ከሆነ በቅሎ ከአሁኑ ለምኑ፤ ሰኔ ከሆነ ገበሬው ሁሉ ለዘር ይፈልጋታልና ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጃንጥላና ደረቅ ጋቢ አትርሱ።