ቤዛዊት ስትወጡ ቤተ መንግሥቱን ብቻ አትዩ

ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ስለ ቤዛዊት ሲሰማ ቶሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቤተ መንግሥቱ ይገባል ወይ?» ለአስርት ዓመታት ሰው ቤዛዊት ሲወጣ የቆየው ወደ ቤቱ ለመግባት ሳይሆን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ለማየት ነው። አንዳንዱ ታዲያ «አጥር ለማየት ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዳገት የወጣሁት?» ብሎ ተናዶ ይወርዳል። ግን ጣና ዙሪያ ያሉ ቤተ መንግሥቶች ትልቁ ሀብታቸው ከግድግዳው ውጭ ነው ያለው። ለምን? እስቲ እንየው።

ቤዛዊት ምንድን ነው?

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዓባይ ዳር ያለ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የተሠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ያኔ ባሕር ዳር ገና እንደ ከተማ እየተወለደች ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. መጡ። የከተማዋን ማስተር ፕላን ያወጣው ደግሞ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ነው። ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር እየተባለም ይወራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ቤቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ።

ነገሥታቱ ጣናን ለምን መረጡ?

ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያው አይደሉም። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። በበጋ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ይዘዋወሩና ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይሰፍራሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህ የክረምት ማረፊያ ወደ ጣና ዙሪያ መጣ። ውሃ አለ፣ እህል አለ፣ ሣር አለ። ማረፊያው ሲደጋገም ድንኳኑ ወደ ድንጋይ ተለወጠ ማለት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ጉዛራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው። ማዕዘኑ ላይ ያሉትን ክብ ማማዎች ያየ ሰው የፋሲል ግንብ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከዚያ ላይ ሜዳውና ሐይቁ ተዘርግተው ይታያሉ። በኋላ የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ደግሞ በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ፣ ውሃው አፍንጫ ሥር አሠሩ። ዛሬ ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው፤ አብዛኛው ወድቋል።

አትክልት ስፍራውስ?

ፎቶ ላይ የምናያቸው የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች ዙሪያቸው የተከረከመ ሣር፣ የተሰለፈ ዛፍና ሰው ሠራሽ ኩሬ ነው። እኛም ጋ ይህ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ባሠሩት ገነተ ኢየሱስ የውሃ ገንዳ ነበረ፤ «ገነት» የሚለው ስሙም ራሱ ይናገራል። ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛም እስከ ዛሬ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል። ጣና ዳር ግን ኩሬ መቆፈር ለምን ያስፈልጋል? መስኮቱን ከፍተህ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሐይቅ ታያለህ። ቤዛዊትም እንደዚያው ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋ ከነዘንባባዋ፣ ማሳው፣ ዕድል ከቀናም ጉማሬው። የቤተ መንግሥቱ አትክልት ስፍራ ይሄ ነው።

ዛሬ ያ እይታ ምን ላይ ነው?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ጠባቂ ይጠብቀዋል፣ እይታውን ግን ማን ይጠብቀዋል? ቤቱ ሲሠራ ዓባይ ከጣና የሚወጣው በራሱ መንገድ ነበር። ዛሬ መውጫው ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙው የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ጢስ ዓባይ በበጋ የሳሳበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ዋጋውንም ማወቅ ያስፈልገናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ ሐይቁን ለቆ አልሄደም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መመዝገብ ብቻውን ግን አረም አይነቅልም። የሐይቁ ዳርቻ በየጊዜው ሲታጠር ደግሞ ተራው ሰው ውሃውን የሚያይበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። የቤዛዊት ቤተ መንግሥትም እንደዚያ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን በር ከተወሰነ በአንድ ቀን ይከፈታል። ሐይቅ በአንድ ቀን አይመለስም።

ለመሄድ ካሰባችሁ

በጎንደር መንገድ ወጥታችሁ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ትሻገሩና ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፀሐዩም ይበርዳል፣ ብርሃኑም ለማየት ያምራል። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ ካሜራ ወይም ስልክ ከማዞራችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቁ፤ ቦታው በዚህ ጥብቅ ነው። ጉዛራና ጎርጎራ ለመሄድ ግን የክልሉ ጸጥታ ከቀን ቀን ስለሚለያይ በዚያው ቀን የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች አጣሩ።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ውጡ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ የት እንደሚሄድ ከዚያ የተሻለ የሚታይበት ቦታ ባሕር ዳር ውስጥ የለም።