በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉር፦ አስተጣጠቡ፣ አያያዙና የትጥበት ጉዳይ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶች ተራ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የእህቶቻችንን ጤናም ሶላትም የሚነካ ስለሆነ ጊዜ ሰጥተን ልናየው ወደድን። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ጎብዬም ሆነ በሮቢትና በቆቦ፣ እናቶቻችን ፀጉራቸውን በቅቤ አርሰው ሹሩባ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬም ይሠራሉ። ልጆቻቸው ግን ሰርግ ሲደርስ ወይም ዒድ ሲቃረብ ወደ ፀጉር ቤት ሄደው «ሪላክሰር» የሚባለውን ማለስለሻ መቀባትን ለምደዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንደኛው «ፀጉሬ ለምን ይሰባበራል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበው ነው፤ «ብታጠብ ይበላሽብኛል፤ ታዲያ ጉስሉን እንዴት ላድርግ?» የሚል። ለሁለቱም መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ኬሚካሉ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኬሚካሉ ፀጉሩን ምን ያደርገዋል?

ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ጠመዝማዛ ወይም ቀጥ ያለ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርጉት በውስጡ ያሉ ጠንካራ የድኝ ማያያዣዎች ናቸው። ሪላክሰር እነዚህን ማያያዣዎች ይበጥሳል። ፀጉሩ በዚያው ቅጽበት ሲለጠጥ በአዲስ መልክ ይያያዝና ቀጥ ብሎ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው ንጥረ ነገር ቀላል አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ይኸውም ሳሙና ፋብሪካ የሚጠቀምበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። «ኮስቲክ የሌለበት» ተብለው የሚሸጡትም ቢሆኑ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ የሚባል ሌላ ጠንካራ አልካሊ የሚሰጡ ናቸው። የራስ ቆዳን ማቃጠላቸው ቀለል ይላል እንጂ አይቀርም። በተጨማሪም በፀጉሩ ላይ የካልሲየም ቅሪት ስለሚተዉ ፀጉሩን ያደርቁታል።

አልካሊን ከሌላው የምንለይበት ልኬት ከ0 እስከ 14 ይደርሳል። ንጹህ ውሃ 7 ላይ ነው። ጤነኛ ፀጉርና የራስ ቆዳ ወደ 5 ገደማ ሲሆኑ ሪላክሰር ከ12 በላይ ነው። ቆይታው ከተገቢው ጊዜ ካለፈ ማያያዣውን ብቻ ሳይሆን ፀጉሩን ራሱን ይበላዋል።

ውሃ ያበላሸዋልን?

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። በካውያ ወይም በፒያስትራ የተተኮሰ ፀጉር ውሃ ሲነካው ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚፈታው ደካማውንና ጊዜያዊውን ማያያዣ ብቻ ነው። በሪላክሰር የለሰለሰው ግን አይመለስም። የተለወጠው ጠንካራው ማያያዣ ስለሆነ ቢታጠብም፣ ዝናብ ቢመታውም፣ ቢያልበውም ቀጥ እንዳለ ይኖራል። ሊበላሽ የሚችለው የተጠቀለለበት ቅርጽ እንጂ ልስላሴው አይደለም። ስለዚህ «ኬሚካል ስለተቀባሁ ውሃ አላስነካም» የሚለው ምክንያት ከመሠረቱ የለም።

ሸሪዓውም ቢሆን በሴት ልጅ ላይ አላከበደም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ፀጉራቸውን አጥብቀው ይጎነጉኑ ነበርና ለጀናባ ትጥበት መፍታት ይጠበቅባቸው እንደሆነ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። መፍታት እንደማይጠበቅባቸው፣ ሶስት ጊዜ በእፍኝ ውሃ በራሳቸው ላይ አፍስሰው ገላቸውን ቢታጠቡ እንደሚበቃቸው እንደነገሯቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዋናው ቁም ነገር ውሃው የፀጉሩ ስር ዘንድ መድረሱ ነው። ከሐይድ ለመጥራት በሚደረገው ትጥበት ግን ጉንጉኑን መፍታት ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ፈትቶ መታጠቡ ከልዩነቱ ያወጣል። ለውዱእ ደግሞ ራስን በእርጥብ እጅ ማበስ እንጂ ማጠብ አልታዘዘም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ለጉስል ሻምፖ አያስፈልግም፣ ውሃ ይበቃል። ሪላክሰሩም ታጥቦ የሚወጣና በፀጉሩ ላይ ሽፋን የማይተው በመሆኑ ውሃን አይከለክልም። የሚከለክለው ወፍሮ የደረቀ ጄል ወይም ሰም መሰል ነገር ካለ እርሱን አስቀድሞ ማስለቀቅ ይገባል። ለፀጉር ተብሎ ትጥበትን ማዘግየትና ሶላትን ከወቅቷ ማሳለፍ ግን የማይፈቀድ ነው። «ኬራቲን» የሚባለው ማስተካከያ ደግሞ «ለሶስት ቀን ውሃ አታስነኪ» ተብሎ ስለሚሰጥ ይህን ችግር በእርግጥ ያመጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ይህን ጋዝ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ መድቦታል። ስለዚህ ለዲንም ለጤናም መራቁ ይበጃል።

ለመቀባት የወሰነች እህት

ማለስለስን በተመለከተ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ከመቀጠል የተለየ በመሆኑ በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ ይፈቅዱታል። «ጉዳት እስካላስከተለ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ከመቀባት በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ራስን አለማጠብ፣ አለማከክና በሚዶ አለመቧጨር። ቁስል፣ ጭረት ወይም የበረታ ፎረፎር ካለ፣ ወይም ጥብቅ ሹሩባ የተፈታው በዚያው ቀን ከሆነ ቀጠሮውን ማስተላለፍ።

ሁለተኛ፣ ግንባርን፣ ጆሮንና ማጅራትን በቫዝሊን መሸፈን።

ሶስተኛ፣ ውሃውን አስቀድሞ ማዘጋጀት። ቧንቧ በሚጠፋባቸው የቆላ ከተሞቻችን ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ጀሪካኖቹ ሳይሞሉ ኬሚካሉ ራስ ላይ መውጣት የለበትም። ውሃ ፍለጋ ጎረቤት ሲኬድ ማቃጠሉ አይጠብቅምና።

አራተኛ፣ ማቃጠል ሲጀምር «ትንሽ ታገሺ፣ ገና አልለሰለሰም» የሚለውን አለመስማት። ማቃጠሉ ቆዳው መጎዳት መጀመሩን የሚያሳይ ነው፤ በዚያው ደቂቃ በብዙ ውሃ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ከ15 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

አምስተኛ፣ ከታጠበ በኋላ ለዚሁ በተዘጋጀው ማርከሻ ሻምፖ መታጠብ። ይህ የቀረውን አልካሊ የሚያመክን ነውና «ገንዘብ ይቆጥባል» ተብሎ በልብስ ሳሙና አይተካም።

ስድስተኛ፣ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት ወር ሳይሞላ አለመድገም፤ ሲደገምም አዲስ የበቀለውን ስር ብቻ መቀባት። የለሰለሰውን ደግሞ መቀባት ለመሰባበር ዋናው ምክንያት ነው። የማለስለሻውን ዓይነት መቀያየር ወይም በዚያው ሰሞን ቀለም መቀባትም እንዲሁ ይጎዳል።

ሕፃናት ልጆችን ግን ለሰርግም ይሁን ለዒድ ከዚህ ነገር እንጠብቃቸው። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ሲያቃጥላቸውም በወቅቱ አይናገሩም።

አስተጣጠቡ

የለሰለሰ ፀጉር ከተፈጥሮው ፀጉር ደካማ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። በሻምፖ በሳምንት ወይም በ10 ቀን አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃዋል። ከመታጠብ በፊት የተቋጠረውን በጣት መፍታት ይገባል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሻምፖውን በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ የራስ ቆዳ ላይ ማሸት ነው፤ አረፋው ወደ ታች ሲወርድ ጫፉን ያጸዳዋል። ፀጉሩን አናት ላይ ሰብስቦ እንደ ልብስ ማሸት ያቋጥረዋል። ቀጥሎ ኮንዲሽነር ጫፉ ላይ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ማለቅለቅ ነው። ፎጣውን እየጫኑ ውሃውን መምጠጥ እንጂ መፈተግ አያስፈልግም። ከዚያ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ከጫፍ ተነስቶ ቀስ በቀስ ወደ ስር ማበጠር ነው።

የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ እህቶች አንድ ነገር ይፈትኑ። ውሃው ሳሙና ሲነካው በቀላሉ አረፋ ካልሰጠና ነጭ ዝቃጭ ከተወ ጨው የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በፀጉር ላይ ቅሪት እየተወ ያሻክረዋል። መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ማለቅለቅና በንጹህ ውሃ ማስለቀቅ ቅሪቱን ይቀንሳል። ቆዳው የቆሰለ ከሆነ ግን ይህ አይደረግም። የዝናብ ውሃ ካለ እርሱ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ከታጠቡ በኋላ

ቅቤም ሆነ የሰሊጥ ዘይት እርጥበቱን ይዞ ስለሚያቆይ ይጠቅማል፤ ግን በጥቂቱና በጫፉ ላይ ይሁን። በቆላው ሙቀት የበዛ ቅቤ ቀልጦ ፊት ላይ ይወርዳል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሒጃብ ፀጉርን ከፀሐይና ከአቧራ የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን እርጥብ ፀጉርን ጠቅልሎ መሸፈን ሽታና ማሳከክ ያመጣል፤ ቤት ውስጥ እስኪደርቅ ይቆይ። ከስር የሚታሰረው ሻሽ ጥብቅ ባይሆን ይመረጣል። በለሰለሰ ፀጉር ላይ ጥብቅ ሹሩባ መሥራትም ከግንባር በኩል ፀጉርን እየነቀለ ይሄዳል። ይህ በጊዜ ካልታረመ ተመልሶ የማይበቅል መላጣነት ሊሆን ይችላል። «ጥቁር ሒና» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆዳን ክፉኛ የሚያስቆጣ የኬሚካል ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ከቅጠሉ የተፈጨው ንጹህ ሒና ከዚያ የተለየ ነው።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለዋል። ማለስለሻ ተጠቅመው ከማያውቁት መካከል 1.64 በመቶ የሚሆኑት እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር እንደሚያዙ ሲገመት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ዘንድ ግምቱ 4.05 በመቶ ደርሷል። ይህ ማለስለሻው በሽታውን ማምጣቱን የሚያረጋግጥ አይደለም፤ በሽታውም ብዙ የሚታይ አይደለም። ሆኖም ደጋግሞ የመቀባትን ነገር ቆም ብሎ ለማሰብ ይበቃል።

ማቆም የፈለገች እህት በአንድ ቀን መላጨት የለባትም። መቀባቱን ትተው፣ አዲሱ ሲያድግ የለሰለሰውን ጫፍ በየጊዜው እየቆረጠች ትሄዳለች። አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት ቦታ በቀላሉ ስለሚበጠስ በዚህ ወቅት አበጣጠሩ ረጋ ያለ ይሁን።

ውድ እህቶቻችን፣ ፀጉር አላህ የሰጠን ጸጋ ነው። ማስዋቡና መንከባከቡ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ለርሱ ሲባል ቆዳ ሲቃጠልና ሶላት ሲያልፍ ነው። ዛሬ እንዳየነው በሪላክሰር የለሰለሰ ፀጉር ውሃን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ለባለ ፀጉር ቤት እህቶቻችን ደግሞ የምንለው አንድ ነው፤ የሰው ራስ በእጃችሁ ያለ አማና ነውና ውሃውን ሳትሞሉ ሥራ አትጀምሩ።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።