ሳይታከም ስለሚደርቀው ቁስል



ከአባለ ዘር በሽታዎች መካከል ሰውን ይበልጥ የሚያታልለው ቂጥኝ ነው። ደዌው ካለበት ሰው ጋር ግንኙነት ከተደረገ በኋላ፥ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፥ የማያምም ቁስል ይወጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም መድኃኒት ሳይነካው ይደርቃል። ባለቤቱም «ቅጠሉ አዳነኝ» ብሎ ይደሰታል። የደረቀው ግን ቁስሉ እንጂ ደዌው አይደለም፤ ተሐዋሲው በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ በማኅፀን ያለውንም ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ደሟ ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪ ይመረመራል። ገና በጀመረው ቂጥኝ ላይ 2,400,000 ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በአንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። ይህን በባሕር ማዶ ስማር ነገሩ ሁሉ ቀላል መስሎኝ ነበረ። እዚህ መቀሌ ግን ሚስት ትታከማለች፤ ባል «እኔ ምን ሆንሁና?» ብሎ በቤቱ ይቀራል፤ እርስዋም ከእርሱ ተመልሳ ትያዛለች። ባልን ማምጣት ከመርፌው ይልቅ ይከብዳል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ስለ ተዘረፉና ስለ ፈረሱ፥ በዚያ ዘመን ሳይመረመሩ የቀሩ ሁሉ ዛሬ ቢመረመሩ ይገባል። ተገዳ የተደፈረች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ብትደርስ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ሰዓቱ ቢያልፍባትም ለሌላው ሕክምና ትምጣ።

ኮንዶም ኤች አይ ቪንና ጨብጥን በእጅጉ ይከላከላል፤ ነገር ግን የቂጥኝ ቁስል ኮንዶሙ ከሚሸፍነው ሥፍራ ውጭ ሊወጣ ስለሚችል፥ ቁስል ያየ ሰው እስኪታከም ድረስ ከግንኙነት ይከልከል።