ነጻነት፣ አርነት፣ ወሰን፦ የሥልጣንን ልክ ስለሚገልጹ ስያሜዎች

የፖለቲካ ፍልስፍናና የሕግ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ዘወትር ከሚቸገሩባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ተለያይተው መታወቅ የሚገባቸው ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል ሥር ተሰብስበው መገኘታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ነጻነት» የተባለውን ቃልና የሥልጣንን ልክ ለማመልከት የምንጠቀምባቸውን ጥቂት ስያሜዎች ነው።

«ነጻ» ከግዕዙ «ነጽሐ» የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። «ከወንጀል ነጻ ሆነ»፣ «ከዕዳ ነጻ ወጣ» ስንል ይኸው ጥንታዊ ትርጉም ይሰማል። ስለዚህ ነጻነት «ከምን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። «አርነት» ግን ከግዕዙ «ሐራዊ» ጋር የሚዛመድ ነው፤ ይኸውም ጨዋ፣ ባርነት የሌለበት ሰው ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ቁጥር 32 የተመረጠው ቃል አርነት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀጥሎ የሚነገረው ስለ ባሪያና ስለ ልጅ ነውና።

ትግርኛ ሁለቱን ቃላት ለሁለት ተግባር አሰማርቷቸዋል። «ናጽነት» አንድ አገር ከሌላ መንግሥት አገዛዝ ውጭ መሆኑን፣ «ሓርነት» ደግሞ ሕዝብ ከጭቆና መላቀቁን ያመለክታል። በአማርኛ ግን አርነት ከዕለት ተዕለት አነጋገር እየራቀ በመሄዱ፣ የአገርም ሆነ የግለሰብ ጉዳይ በነጻነት ላይ ወድቋል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። አገር በባዕድ ሳይገዛ ዜጋው ያለ ፍርድ ሊታሰር ይችላል፤ «አገራችን ነጻ ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ይህን ሁለተኛውን ነገር ሸፍኖ ያልፋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይታሰር ሲደነግግ፣ የበላይ ሥልጣንን በሙሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አድርጎ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋጌ በሁለተኛው ፊት ምን ያህል ዋስትና እንዳለው ለመጠየቅ፣ የአገርን ነጻነትና የሰውን ነጻነት ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል።

በሌላ ወገን፣ የቃል ብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እንግሊዝኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት ሲኖሩት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ በአንድ አንድ ቃል ይሠራሉ። አይዛያ በርሊን በ1958 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ባሰማው ንግግር፣ በሌሎች ጣልቃ አለመነካትን እና ራስን በራስ መምራትን ሲለይ፣ ልዩነቱን ያሳየው በቅጽል እንጂ በአዲስ ስም አልነበረም። እኛም «የአገር ነጻነት»፣ «የዜጋ ነጻነት» እያልን መለየት እንችላለን።

ሥልጣንን በሚመለከት ያለው ችግር ከዚህ የከፋ ነው። በውጭ ቋንቋ ኃይሉ በሕግ የታጠረን መንግሥት የሚያመለክተው ስያሜ ብዙ ጊዜ «ውሱን መንግሥት» ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን «ውሱን አቅም»፣ «ውሱን ገንዘብ» የሚል አንባቢ፣ ውሱን መንግሥት ሲባል የሚረዳው ደካማ መንግሥት ነው። በአንጻሩ ልጓም የሌለውን አገዛዝ «ፍጹም» ስንለው፣ ቃሉ እንከን የለሽ ማለትም ስለሆነ፣ ሳናስበው እናመሰግነዋለን። «ገደብ»ም ጥንቃቄ ይሻል። ከ«ገደበ» የወጣ በመሆኑ የሚፈስን ነገር ማቆምን ያሳስባል፤ በሕግ ቋንቋም በመብት ላይ ለሚጣል ክልከላ ያገለግላል። «ወሰን» ግን ባለቤቱ ከመጀመሪያውም ሊያልፈው የማይገባውን መስመር ያሳያል። ለምሳሌ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መደንገጉ የሥልጣን ወሰን እንጂ የመብት ገደብ አይደለም።

ሞንቴስኪዩ በ1748 እ.ኤ.አ. ያብራራው፣ ሕግ የሚያወጣ፣ የሚያስፈጽምና የሚፈርድ እጅ አንድ እንዳይሆን የሚያዝዘው ሐሳብም «የሥልጣን ክፍፍል» ይባላል። ክፍፍል ግን ድርሻ ማከፋፈልን ስለሚያሰማ፣ አንባቢው ሹመት መቀራመትን ሊያስብ ይችላል።

እንግዲህ የሚከተለውን አጠቃቀም እናቀርባለን፦

ሀ/ «ነጻነት» ባለቤቱ ሳይጠቀስ ብቻውን ባይቆም፤
ለ/ «አርነት» ከባርነት ወይም ከጭቆና መውጣትን ለሚመለከት ጽሑፍ ቢመለስ፤
ሐ/ በ«ውሱን መንግሥት» ፈንታ «ሥልጣኑ በሕግ የተወሰነ መንግሥት»፣ በ«ፍጹም» ፈንታ «ልጓም የለሽ አገዛዝ» ቢባል፤
መ/ «ገደብ» ለመብት፣ «ወሰን» ለሥልጣን ቢለይ፤
ሠ/ «ክፍፍል» በፌዴራልና በክልል መካከል ላለው ድልድል ቀርቶ፣ ለሦስቱ አካላት «የሥልጣን መለያየት» ቢባል።

አንዳንዶቹ ስያሜዎች እንደሚረዝሙ አናጣውም። ሆኖም በእነዚህ ጉዳዮች የአጭር ቃል ምቾት የሚከፈለው በአንባቢው ግንዛቤ ነው። ተርጓሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «የማን ነጻነት? ከማን? ሥልጣኑንስ የሚወስነው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተገቢው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከመልሱ ውስጥ ይገኛል።